ያውቁ ኖሯል? ካንሰር፣ የሥራ ቦታ እና የቤተ መጻሕፍት ካርቶኖች

ስለ ካንሰር መንስኤ ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው መጀመሪያ የታየው በሠራተኛ ገላ ላይ ነው፤ ቤተ ሙከራው የደረሰው ቆይቶ ነው። የዛሬዎቹ ወሬዎች ከሥራ ቦታ፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያና ከበሽታው ከተረፉ ሰዎች ሰፈር የተለቀሙ ናቸው። ከአዋጆቹ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አጥብቆ የመከረው ጣሊያናዊው በርናርዲኖ ራማዚኒ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ ከማዕድን ቆፋሪ እስከ ጸሐፊ ድረስ የየሙያውን ሕመም ዘርዝሯል። የጡት ካንሰር ከሌሎች ሴቶች ይልቅ በመነኮሳይያት ላይ እንደሚበዛም ያስተዋለ ሰው ነው። አለመውለድና አለማጥባት ለዚህ ካንሰር እንደሚያጋልጡ ሳይንስ ያረጋገጠው ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኛ ዛሬም ካርድ ስናወጣ ስምና ዕድሜ እንጠየቃለን። ሥራችን ከተጠየቀም ቅጹን ለመሙላት ያህል ነው፤ «ምን ትነካካለህ? ምን ሲሸትህ ትውላለህ?» ብሎ የሚቀጥል ሐኪም ያጋጠመው ሰው ዕድለኛ ነው።

የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1775 የጻፈው ጥቂት ገጽ ሥራና ካንሰርን በግልጽ ያገናኘ የመጀመሪያው ጽሑፍ ተደርጎ ይቆጠራል። በዚያ ዘመን ድኻ ልጆች በጠባብ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየተሳቡ ጥቀርሻ ይጠርጉ ነበር፤ ሲያድጉ በቆለጣቸው ከረጢት ላይ የማይድን ቁስል ይወጣባቸዋል። ሌሎች ሐኪሞች የአባላዘር በሽታ ነው ብለው ያልፉት ነበር። ፖት ግን በቆዳው እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ ነው አለ። በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ጉዳዩን እንደገና ሲያጠና፣ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ያሉ ጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ይህ በሽታ እንደማይበዛባቸው አየ። ምክንያቱ? ገላቸውን ጥብቅ አድርጎ የሚሸፍን የሥራ ልብስ ይለብሳሉ፣ ከሥራ ሲወጡም ይታጠባሉ። መድኃኒቱ ውኃ፣ ሳሙናና ልብስ ነበር ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጆችን ጭስ ማውጫ ውስጥ ማስገባት የምር የቆመው በ1875 በወጣ ሕግ ነው፤ ከፖት ጽሑፍ ልክ 100 ዓመት በኋላ።

እንደ ጥቀርሻ ያለው ሬንጅ ካንሰር እንደሚያመጣ በእንስሳ ላይ የታየውስ? በ1915 ነው፣ ጃፓን ውስጥ። ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ተመራማሪዎች የጥንቸል ጆሮ ላይ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ለወራት ሳይታክቱ ቀቡ፣ ካንሰሩም ወጣ። የ1926ቱ የኖቤል ሽልማት ግን ለእነሱ አልደረሰም፤ ካንሰር በትል ይመጣል ላለው ለዴንማርካዊው ዮሐንስ ፊቢገር ተሰጠ። የትሉ ነገር በኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

በ1895 የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሉድቪግ ሬን በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር ማየቱን ተናገረ። ለልብሳችን ድምቀት የከፈለው የሌላ ሰው ፊኛ ነበር።

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ የሰዓት ቁጥሮችን በጨለማ በሚያበራ የራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች፣ ብሩሹን ለማሹል በከንፈራቸው እንዲያረጥቡት ይነገራቸው ነበር። ራዲየም ልክ እንደ ካልሲየም አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። የብዙዎቹ መንጋጋ ተበላ፣ የአጥንት ካንሰር የገደላቸውም አሉ። ከእነሱ ጥቂቶቹ ታመው ሳሉ ኩባንያውን ከሰው በ1928 ካሳ አስከፈሉ። ራዲየምን ያገኘችው የማሪ ኩሪ የላቦራቶሪ ደብተሮች ደግሞ ዛሬም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ናቸው። የራዲየም ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ደብተሮቹን ማገላበጥ እንደ ሌላው መጽሐፍ አይደለም።

ከቤተ መጻሕፍት ወሬ ሁሉ ግን የሚበልጥብኝ የሚከተለው ነው። በ1994 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የልብ በሽታ ተመራማሪ ለሆኑት ለስታንተን ግላንትዝ አንድ ጥቅል ይደርሳቸዋል። ላኪው «ሚስተር በትስ» ነኝ ይላል፤ ይህ የጋዜጣ ካርቱን ገጸ ባሕርይ ስም ነው፣ የእንግሊዝኛው «በት» ደግሞ የሲጋራ ቁራጭ ማለት ነው። ውስጡ ወደ 4,000 ገጽ የሚጠጋ የብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የትምባሆ ኩባንያ የውስጥ ሰነድ ነበር። ኩባንያው ሲጋራ ሱስ እንደሚያስይዝና እንደሚገድል በአደባባይ ሲክድ፣ በቢሮው ውስጥ ግን ከ30 ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቀው እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ነው። ፕሮፌሰሩ ሰነዱን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሰጡት። ኩባንያው ይመለስልኝ አለ፤ የግል መርማሪዎችን ልኮም የንባብ ክፍሉን ማን ገባ ማን ወጣ እያለ ያስጠብቅ ጀመር። ከዚያም ፍርድ ቤት ሄደ። ቤተ መጻሕፍቱ አልሰጥም ብሎ ተከራከረና ረታ፤ በ1995 ሰነዶቹን ኢንተርኔት ላይ አወጣቸው። ኢንተርኔት ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1998 የአሜሪካ ክፍላተ አገራት ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር ባደረጉት ስምምነት ሌሎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾችም ተከተሉ። ዛሬ ያ የሰነድ ክምችት ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ መታወቂያም አይጠይቅም።

ከዚሁ ሳንወጣ፣ የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሎ፣ የፓኬቱ 70 በመቶ በሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዝዛል። (አዋጁ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2019 መሆኑ ነው።)

«ይህ ነገር ካንሰር ያመጣል» የሚል ዜና ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ያለው በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። በ1965 ተቋቋመ፤ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አንድ በአንድ የመረመራቸውን ነገሮች የሚዘረዝሩ ጥራዞች ያወጣል፤ ጥራዞቹንም ማንም በነፃ ያነባቸዋል። ነገሮቹን በምድብ ይከፍላል፦ ምድብ 1 ካንሰር ማምጣቱ የተረጋገጠ፣ ምድብ 2ሀ አምጪ የመሆኑ ዕድል ሰፊ የሆነ፣ ምድብ 2ለ የሚጠረጠር፣ ምድብ 3 መረጃው ለመፈረጅ ያልበቃ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምድቡ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። በ2015 ቋሊማና ሌላው የተቀነባበረ ሥጋ ምድብ 1 ገባ፣ ትምባሆም እዚያው ነው። ይህ ማለት ግን አንድ ሳንድዊች ከአንድ ፓኬት ሲጋራ እኩል ነው ማለት አይደለም። ሁለቱም ካንሰር ማምጣታቸው እኩል ተረጋግጧል፤ የሚገድሉት ሰው ብዛት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ቡናስ? ኤጀንሲው በ1991 ከፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ ከሚጠረጠሩት አስገብቶት ነበር። በ2016 እንደገና መርምሮ አወጣው። እፎይ! ነገር ግን በዚያው ስብሰባ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥ፣ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር በምድብ 2ሀ ተመዘገበ። ጥፋቱ የትኩሳቱ ነው፣ ጉሮሮን ደጋግሞ ማቃጠሉ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ መስመር የሚበዛ በሽታ ነው። በአርሲ የተደረጉ ጥናቶችም የሚፋጅ ገንፎን ከተጠርጣሪዎቹ መሀል አስገብተውታል። አቦሉ ትንሽ ቀዝቀዝ ቢል የሚቀየም እንግዳ የለም።

የሌሊት ፈረቃ ምድብ 2ሀ ነው፤ ከ2007 ጀምሮ። ዴንማርክ ብዙም ሳትቆይ ለዓመታት ሌሊት ሠርተው የጡት ካንሰር ለያዛቸው ወደ 40 ለሚጠጉ ሴቶች ካሳ ከፈለች፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ነርሶች ነበሩ። በአሜሪካና በአውሮፓ በአረጋውያን መጦሪያና በሆስፒታል ሌሊቱን ቆመው ለሚያድሩ እህቶቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የእሳት አደጋ ሠራተኛነት በ2022 ምድብ 1 ገብቷል። ቀለም ቀቢነትም እዚያው ነው። የፀጉር ሥራ 2ሀ። የእንጨት ብናኝና የቆዳ ብናኝ ሁለቱም ምድብ 1፤ የሚያጠቁትም በተለይ አፍንጫን ነው። የናፍጣ ጭስ በ2012 ምድብ 1 ሆኗል። ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ በር ዘግቶ መሥራት ለምን እንደማይመከር ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም።

ማስቲሽ የሸተተው ሰው ይህን ይስማ። በ1970ዎቹ የኢስታንቡሉ የደም ሐኪም ሙዛፈር አክሶይ ወደ እሱ የሚመጡት የደም ካንሰር በሽተኞች መሀል ጫማ ሠሪዎች መብዛታቸውን አስተዋለ። አብዛኞቹ የሚሠሩት መስኮቱ ጠባብ፣ አየሩ የታፈነ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚጠቀሙበት ማጣበቂያም ቤንዝን በተባለ ኬሚካል የተበጠበጠ ነበር (ለመኪና የምንቀዳው ነዳጅ ውስጥም ጥቂቱ አለ)። ይህ ኬሚካል ደም የሚሠራበትን መቅኔ ይመርዛል። አጠቃቀሙ እየቀረ ሲሄድ በጫማ ሠሪዎቹ ላይ የሚታየውም በሽታ ቀነሰ። የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ለብቻው በሊስትሮ ዕቃና በአንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ የሚሠራው ሰው ግን አሠሪው ራሱ ነው፤ ለእሱ የሚደርስለት በሩን መክፈት ብቻ ነው።

አስቤስቶስ ከተነፈሱት በኋላ ሜሶቴልዮማ የተባለውን የሳንባ ሽፋን ካንሰር እስኪያመጣ ከ20 እስከ 50 ዓመት ሊወስድ እንደሚችልስ? በ1960 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ክሪስ ዋግነርና ባልደረቦቹ 33 በሽተኞችን ሲመዘግቡ፣ ከመሀላቸው ማዕድኑ ውስጥ ሠርተው የማያውቁ፣ በልጅነታቸው በአካባቢው የኖሩ ብቻ ነበሩባቸው። በ1965 ደግሞ ለንደን ውስጥ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ የነበሩ ሚስቶች መታመማቸው ታወቀ። አቧራው ቱታው ላይ ተሳፍሮ ቤት ይገባል። አስቤስቶስ የሚተነፍስ ሰው ሲጋራም ካጨሰ የሳንባ ካንሰር ዕድሉ በመደመር ሳይሆን በመባዛት ይጨምራል።

የሚጥሚጣና የበርበሬ አቀማመጥም የካንሰር ጉዳይ ነው። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ድንገት አለቁ። ሲጣራ መኗቸው የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ፣ የጉበት ካንሰር ማምጣቱም ተረጋገጠ። እርጥበት ያገኘው እህል፣ ለውዝና ቅመም ሁሉ ያፈራዋል። ምግብ ማብሰል አይገድለውም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባለው የወተት ምርት ላይ የተደረገ ጥናትም ከኑግ ፋጉሎ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት መሻገሩን አሳይቷል።

ፀጉር አልባው ፍልፈል ከሰላሳ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ካንሰር ግን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። ለዚህ ጉድ ሳይንቲስቶች በላቦራቶሪ ሲያሳድጉት ይኖራሉ። የትውልድ አገሩ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ኬንያ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ጣሊያን በ1935 እና በ1936 በአገራችን ላይ ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ የመጀመሪያው ኬሞቴራፒ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ መርዝ ቆዳን ከማቃጠሉ ሌላ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚያረግፍ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአስከሬን ምርመራ ታይቶ ነበር። በ1942 የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች «መርዙ የሊምፍ ካንሰርንስ አያረግፍም ወይ?» ብለው የጋዙን ዘመድ በመርፌ ለአንድ በሽተኛ ሰጡ። ዕጢው ሟሟ፤ በኋላ ቢመለስም መንገዱ ተከፈተ። ጊዜው የጦርነት ስለነበር የመድኃኒቱ ስም በበሽተኛው ካርድ ላይ አልተጻፈም፤ «ንጥረ ነገር ኤክስ» ተባለ። ካርዱም ለአሥርተ ዓመታት ከመዝገብ ቤት ጠፍቶ ኖሮ የተገኘው በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

ከእኛ ጫካ የወጣ መድኃኒትም አለ። የአጣጥ ወገን የሆነ የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ በ1960ዎቹ ለአሜሪካ የካንሰር ምርምር ተወስዶ ነበር። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከዚህ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡ። እጅግ ብርቱ ነው፤ ብርታቱ ግን በሽተኛውንም የሚጎዳ ሆነና ለብቻው ሲሞከር ተጣለ። ቆይቶ ግን ተመራማሪዎች አንድ ዘዴ ፈጠሩ፦ የንጥረ ነገሩን ተወላጅ የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚያውቅ ፀረ አካል ጋር አሰሩት። ፀረ አካሉ መንገድ መሪ፣ መርዙ ተሸካሚው ላይ የተጫነ ጥይት ሆነ። በ2013 አሜሪካ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ፈቀደችው፤ የገበያ ስሙ ካድሲላ ነው። ከአገር ቤት ቁጥቋጦ የመጣ መሆኑን ግን የመድኃኒቱ ካርቶን አይናገርም። ዋጋው ደግሞ ለእኛ ሰው የማይቀመስ ነው።

ካንሰር የሚያድን መድኃኒት ራሱ ምድብ 1 ሊሆን ይችላል። ታሞክሲፈን የጡት ካንሰር እንዳይመለስ ያደርጋል፤ የማሕፀን ካንሰር ዕድልን ደግሞ በጥቂቱ ይጨምራል። ጥቅሙ ስለሚያመዝን ነው የሚታዘዘው፤ ይህን አንብቦ ክኒኑን ያቆመ ሰው ራሱን ይጎዳል። በ1979 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ኬሞ የሚበጠብጡ ነርሶች ሽንት ውስጥ የመድኃኒቱን ዱካ የሚጠቁም ምልክት አገኙ። ዛሬ በደንቡ ከሆነ ኬሞ የሚዘጋጀው አየሩን እየመጠጠ በሚያጣራ ልዩ ሣጥን ውስጥ፣ ድርብ ጓንትና የማያሳልፍ ጋውን ተለብሶ ነው።

የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2018 መጨረሻ፣ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። ካንሰርን በመርፌ መከልከል የአያቶቻችን ዘመን ሕልም እንኳ አልነበረም።

ለማንበብ የፈለገ ሰው የት ይሂድ? የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1997 ጀምሮ «ፐብሜድ»ን ለዓለም በነፃ ከፍቷል። «ሜድላይንፕላስ» የተባለው ገጹ ደግሞ ለተራው ሰው የተጻፈ ነው፤ በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎችም አሉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 የጀመረው «ሂናሪ» በድኻ አገሮች ላሉ ተቋማት ውድ የሕክምና መጽሔቶችን ይከፍታል። የዓለም የሥራ ድርጅት የሥራ ቦታ ደኅንነት ኢንሳይክሎፒዲያም፣ አራት ወፋፍራም ጥራዝ የነበረው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። እንግሊዝኛው ከከበደ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሥራቸው ነው።

«ከካንሰር የተረፈ» የሚባለው ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው? ፊትዝሂው ሙላን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ራሱ ካንሰር ታሞ በ1985 የጻፈው ጽሑፍ ሐሳቡን ለወጠው። ሰው የሚድነው አንድ ቀን በድንገት አይደለም አለ፤ በሽታው ከተነገረው ቀን ጀምሮ የሚያልፋቸው ወቅቶች አሉ። በቀጣዩ ዓመት እሱና ጓደኞቹ ማኅበር መሠረቱ፤ ትርጉማቸውም «ካንሰር እንዳለበት ከተነገረው ሰዓት ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ» የሚል ነበር። በ2022 አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከ18 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ፈረንሳይ ውስጥ ሕክምናው ካለቀ በሽታው ሳያገረሽበት 5 ዓመት የሞላው ሰው፣ ለቤት ብድር ኢንሹራንስ ሲገባ ካንሰር ይዞት እንደነበር የመናገር ግዴታ የለበትም። ሕጉ «የመረሳት መብት» ይባላል፤ በ2016 ሲጀመር ቀነ ገደቡ 10 ዓመት ነበር፣ በ2022 አጠረ።

ባንኩ ይርሳ እንጂ ሐኪሙ መርሳት የለበትም። አንዳንድ የኬሞ ዓይነት ከዓመታት በኋላ ልብን ያደክማል፤ በልጅነት ደረት ላይ የተሰጠ ጨረር የጡት ካንሰር ክትትል ቀደም ብሎ እንዲጀመር ያስገድዳል። ስለዚህ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2005 ባወጣው ዘገባ፣ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ሁሉ አጭር የጽሑፍ ማጠቃለያ ይዞ ይውጣ ብሏል። እኛ ጋ ካልተሰጠዎት ይጠይቁ፦ የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ፣ የተሰጡት መድኃኒቶች ስምና ጠቅላላ መጠን፣ ጨረሩ ያረፈበት የሰውነት ክፍል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን፣ ወደፊት የሚያስፈልገው ምርመራ። የፓቶሎጂ ውጤቱንም አይርሱ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ለራስዎና ለአንድ የሚያምኑት ሰው ይላኩ፤ ካርድ ክፍል ቢጠፋ እንኳ እርስዎ ጋ ይኖራል።